ሌባው ሹም ሲሆን ዐቃቤ ሕግ ምን ያደርጋል?

ባለፈው ወር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ መንግሥት ሥልጣን ክፍፍል ሳስተምር፣ ሕግ አውጪውን፣ ሕግ አስፈጻሚውንና ዳኛውን በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በሦስት ሣጥን ከፋፍዬ እንደ ጨረስሁ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፤ ዐቃቤ ሕግ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከሕግ አስፈጻሚው ጋር ነው» አልኋት። እርስዋ ግን በዚህ አላበቃችም። «እንግዲያው የራሱ አለቃ የሰረቀ እንደ ሆነ ማን ይከሰዋል?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን መልሱ ስለ ጠፋኝ ነበር።

ውድ አንባቢ፤ እርስዎም በመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ሲያረቅቁ ወይም ለፈተና ሲያጠኑ ይህ ጥያቄ በሐሳብዎ ሽው ብሎ ያውቅ ይሆናል። ብዙዎቻችን የፍርድ ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለን ዳኛው ነው። ካባውን ለብሶ ከፍ ካለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው እርሱ ስለ ሆነ ሥልጣኑ ሁሉ በእጁ ያለ ይመስለናል። ነገር ግን ዳኛ የሚናገረው ፊቱ በቀረበው መዝገብ ላይ ብቻ ነው። መዝገቡን የሚያቀርበው፣ ወይም በመሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ቁልፉን የሚያዞርበት፣ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ሮበርት ጃክሰን የሚባሉት የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ (በኋላ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት) እ. ኤ. አ. በ1940 ዓ. ም. በሥራቸው ያሉትን ዐቃብያነ ሕግ ሰብስበው በነገሩአቸው ጊዜ፣ በሰው ሕይወት፣ በሰው ነጻነትና በሰው ስም ላይ ዐቃቤ ሕግን የሚያህል ሥልጣን ያለው ሰው በአገሪቱ ውስጥ እንደሌለ አስጠንቅቀዋቸው ነበር።

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በቁጥር 42፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ የማይመሠርትባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ማስረጃው ያልበቃ እንደ ሆነ፣ ተከሳሹ ሊገኝ ያልቻለና በሌለበት ሊፈረድበት የማይቻል እንደ ሆነ፣ በይርጋ ወይም በምሕረት ነገሩ የቀረ እንደ ሆነ ይልና፣ በመጨረሻ አንድ ምክንያት ይጨምራል። ይኸውም ሚኒስትሩ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ክስ እንዳይመሠረት በፊርማው ያዘዘ እንደ ሆነ ነው። ከእነዚህ በቀር በሌላ ምክንያት መተው አይቻልም ይላል ሕጉ። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው «ለሕዝብ ጥቅም» ከምትለው አነስተኛ ሐረግ ላይ ነው። የሕዝብን ጥቅም የሚለካው ማን ነው? በምንስ ሚዛን?

ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ሁለት ማታ መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሸሁ። ካገኘሁአቸው ታሪኮች ሁሉ የባልቲሞሩን የሚያህል አላገኘሁም።

ባልቲሞር በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ያለች የወደብ ከተማ ናት። እ. ኤ. አ. በ1973 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ የዚያ ግዛት የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሚስተር ጆርጅ ቢል ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ የሚገኙ ሰው ነበሩ። ለሹመት ያበቋቸው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ናቸው። ፓርቲያቸው የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ነው። አባታቸው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ወንድማቸውም በዚያው ምክር ቤት ተቀምጠው ነበር። በሥራቸው ባርኔት ስኮልኒክ፣ ራስል ቤከርና ሮናልድ ሊብማን የሚባሉ ሦስት ወጣት ረዳቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሲያድኑ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱን አልነበረም። ያድኑ የነበረው ዴል አንደርሰን የሚባሉትን የባልቲሞር አውራጃ አስተዳዳሪ ነበር፤ እኒህ ደግሞ የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ናቸው።

የጉቦው አሠራር እጅግ ቀላል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዎቼ ጨረታ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። መንገድና ድልድይ የሚሠራው ሥራ ተቋራጭ በጨረታ ይመረጣል፤ የመንገዱን ንድፍ የሚያወጣው መሐንዲስ ግን በዚያ ግዛት የሚመረጠው በጨረታ አልነበረም። ምርጫው በሹሙ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሱ ከሚከፈለው ገንዘብ ከመቶ አምስት ያህሉን በፖስታ አድርጎ ይመልሳል፤ ያልመለሰ ሥራ አያገኝም። ነገሩ ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ስለ ነበረ ሰጪውም ተቀባዩም እንደ ግብር ቆጥረውት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በየቋንቋው አለ።

ወጣቶቹ ዐቃብያነ ሕግ መሐንዲሶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ የሒሳብ መዝገባቸውን ሲመረምሩ፣ ሰዎቹ ከወህኒ ለመዳን ሲሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያወጡትም ስም የአንደርሰን ብቻ አልነበረም። ከአንደርሰን በፊት በዚያው ወንበር ተቀምጠው የነበሩ፣ ከዚያም የሜሪላንድ ገዥ የሆኑ፣ ከዚያም እ. ኤ. አ. ከ1969 ዓ. ም. ጀምሮ የዩናይትድ ስቴትስ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት የሚስተር ስፓይሮ አግኒው ስም ነበር።

ሚስተር አግኒው ከግሪክ አገር ከፈለሰ የምግብ ቤት ባለቤት የተወለዱ፣ ሕግ በማታ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። በየመድረኩ ስለ ሕግና ሥርዓት መከበር በመስበክ የታወቁ ነበሩ። ለፍርድ ቤት የቀረበው የማስረጃ ሐተታ እንደሚለው ግን፣ በአውራጃ አስተዳዳሪነታቸው የጀመሩትን ገንዘብ መቀበል በገዥነታቸው ጊዜ ቀጥለውበታል፤ ከመሐንዲሶች ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ የእርሳቸው ድርሻ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑም በኋላ አንድ መሐንዲስ ወደ 10,000 ዶላር ገደማ በፖስታ ይዞ ከዋሽንግተኑ ቢሮአቸው ገብቶ በእጃቸው እንደ ሰጣቸው ተናግሯል። የአንድ ትልቅ መንግሥት ሁለተኛ ሰው፣ በመንግሥት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ ፖስታ ሲቀበሉ እስቲ ያስቡት።

አሁን ራስዎን በሚስተር ቢል ወንበር ያስቀምጡ። የሾመዎ የዚህ ሰው አለቃ ነው። ወንድምዎ ለሚመጣው ምርጫ የፓርቲውን ድጋፍ ይፈልጋል። በኋላ ዘመን የወጡት የቤተ መንግሥቱ የድምፅ ቅጂዎች እንደሚያስረዱት፣ ሚስተር አግኒው ወንድምየው በወንድሙ ላይ ጫና እንዲያደርግ ሰው ልከዋል። ማንም ሳያውቅ መዝገቡን «ማስረጃው አልበቃም» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ሚስተር ቢል አልዘጉትም። ረዳቶቻቸውም ጫናው ስለ መኖሩ በዚያን ጊዜ የሚያውቁት እምብዛም አልነበረም፤ አለቃቸው በጀርባቸው ተሸክመውት ኖሩ።

በሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ ሚስተር ቢልና ረዳቶቻቸው ወደ ዋሽንግተን ሄደው ነገሩን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሚስተር ኤልየት ሪቻርድሰን አቀረቡ። የታሪኩ እንብርት እዚህ ላይ ነው። ሚስተር ሪቻርድሰን ሲሰሙ ያሰቡት ስለ ጉቦው ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ራሳቸው በዋተርጌት ነገር ተይዘው መንበራቸው ይንገዳገድ ነበር። ይባስ ብሎ በዚያው ወር በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ገቡ። ፕሬዚዳንቱ ቢሞቱ፣ ወይም ቢለቁ፣ ወይም በምክር ቤት ተከሰው ቢሻሩ በቦታቸው የሚተኩት፣ ፖስታ ሲቀበሉ ኖሩ የተባሉት እኒህ ሰው ናቸው። ስለዚህ የሚስተር ሪቻርድሰን አሳብ በአንድ ነገር ላይ ጸና። እኒህ ሰው ከዚያ ወንበር በፍጥነት መነሣት አለባቸው።

ነገሩ በነሐሴ መጀመሪያ በጋዜጣ ወጣ። ሚስተር አግኒው ሁሉንም ሐሰት ነው ብለው ካዱ፤ ቢከሰሱም ሥልጣናቸውን እንደማይለቁ በሎስ አንጀለስ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ተናገሩ። ጠበቆቻቸውም «በሥልጣን ላይ ያለ ምክትል ፕሬዚዳንት በወንጀል ሊከሰስ አይችልም» የሚል ክርክር አነሡ። የፍርድ ሚኒስቴሩ የሕግ ዐዋቂዎች በዚህ ላይ ለየት ያለ መልስ ሰጡ። ፕሬዚዳንቱ በሥልጣን ላይ ሳለ አይከሰስም፤ ምክትሉ ግን ይከሰሳል አሉ። ይህ መልስ አግኒውን ሲያስጨንቅ ለኒክሰን ግን ማረፊያ ሰጣቸው። (አንዳንዴ የሕግ አስተያየት ለማን እንደሚጠቅም ማየት የአስተያየቱን ውስጠ ምሥጢር ለመረዳት ያግዛል፤ ይህን የምለው እንደ ታሪክ አስተማሪ ነው እንጂ እንደ ሕግ ዐዋቂ አይደለም።)

ከዚያ በኋላ የቀረው ድርድር ነበር። ከወጣቶቹ ዐቃብያነ ሕግ መካከል «ይህ ሰው ወህኒ ሳይገባ እንዴት ይለቀቃል?» ብለው አጥብቀው የተከራከሩ ነበሩ። እስቲ እርስዎም ይመዝኑት። ክስ ቢመሠረት ማስረጃው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሙግቱ፣ ይግባኙና «ልከሰስ አልችልም» የሚለው ክርክር ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ተከሳሹ ከፕሬዚዳንትነት አንድ እርምጃ ርቀው ይቀመጣሉ። ድርድሩ ቢደረግ ደግሞ ሰውየው ዛሬውኑ ይለቃሉ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ምስክር ሳይሰማ፣ ቤታቸው ይገባሉ።

ሚስተር ሪቻርድሰን ሁለተኛውን መረጡ። ከወህኒው ጥያቄ ላይ ሲለቁ በአንድ ነገር ላይ ግን አልለቀቁም፤ ማስረጃው ለሕዝብ ሳይነገር አይቀርም አሉ።

እ. ኤ. አ. ጥቅምት 10 ቀን 1973 ዓ. ም. ከቀትር በኋላ ሚስተር አግኒው በባልቲሞር ፍርድ ቤት ሳይጠበቁ ቀረቡ። የሜሪላንድ ዳኞች ራሳቸውን ከነገሩ ስላገለሉ በወንበሩ ላይ የነበሩት ከቨርጂኒያ የመጡት ዳኛ ዋልተር ሆፍማን ናቸው። በዚያው ሰዓት የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው ዋሽንግተን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደርሶ ነበር። የቀረበባቸው ክስ አንድ ብቻ ነው፤ በ1967 ዓ. ም. ካገኙት ገቢ 29,500 ዶላር ያህሉን ደብቀው ግብር አልከፈሉም የሚል። ሚስተር አግኒው «አልከራከርም» አሉ። ዳኛው ይህ ቃል ጥፋተኛ ነኝ ከማለት እንደማይለይ አስረዱአቸው። ቀጥለውም፣ ሕግ የተማሩ ሰዎች ግብር ሲደብቁ ጥቂት ወራት ማሰር ልማዳቸው እንደ ነበረ፣ አሁን ግን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ልመና እንደ ተቀበሉ ተናግረው፣ 10,000 ዶላር መቀጫና ተቆጣጣሪ የሌለበት የሦስት ዓመት አመክሮ ፈረዱ። በዚያኑ ቀን ጉቦው እንዴት እንደ ተሰበሰበና እንዴት እንደ ተከፋፈለ የሚዘረዝር የ40 ገጽ ሐተታ በመዝገቡ ላይ ዋለ። ማንም ሰው ገዝቶ ሊያነበው ይችል ነበር።

ልብ ይበሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አሥር ቀን ብቻ ቈይቶ ሚስተር ሪቻርድሰን ራሳቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፕሬዚዳንቱ የዋተርጌትን ነገር የሚመረምረውን ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንዲያባርሩ ቢያዝዙአቸው እምቢ አሉ። በአግኒው ቦታ የተተኩት ሚስተር ጄራልድ ፎርድም ዓመት ሳይሞላ፣ እ. ኤ. አ. ነሐሴ 9 ቀን 1974 ዓ. ም.፣ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ድርድሩ ባይደረግ ኖሮ በዚያን ቀን ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት ስፓይሮ አግኒው ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ይህን ሳነብ «ሪቻርድሰን ልክ ናቸው» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ማታ ግን እንደገና ከፈትሁት። ዴል አንደርሰንስ ምን ሆኑ? ምርመራው የተጀመረባቸው የአውራጃው አስተዳዳሪ፣ ያንኑ ጉቦ ከእነዚያው ዓይነት መሐንዲሶች የተቀበሉት ሰው፣ እ. ኤ. አ. በ1974 ዓ. ም. ተፈርዶባቸው አምስት ዓመት እስራት ተቀበሉ። እርሳቸው ለመደራደሪያ የሚያቀርቡት የምክትል ፕሬዚዳንትነት ወንበር አልነበራቸውም። የወንበሩ ትልቅነት ለአግኒው የወህኒ መውጫ ዋጋ ሆነላቸው ማለት ነው። በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለት መቶ ብር ተቀብሎ የሚያዝ ጸሐፊ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እርስዎ መልሱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ስለ ገንዘቡ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ተማሪ ለሆኑ አንባቢዎቼ። ዐቃቤ ሕግ የተወውን ነገር ያላለቀ ያደረጉት በዋሽንግተን የሚገኙ አንድ የሕግ ፕሮፌሰርና ተማሪዎቻቸው ናቸው። «ጉቦው የተበላው ከግብር ከፋዩ ነውና ለግዛቱ ይመለስ» ብለው ጠበቃ ሆነው ነገሩን በፍትሐ ብሔር አስከፈቱት። ለክርክሩም ዋናው መሠረት ያ በመዝገብ ላይ የዋለው ማስረጃ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1981 ዓ. ም. ፍርድ ቤቱ ለተማሪዎቹ ወገን ፈረደ፤ ሚስተር አግኒውም በ1983 ዓ. ም. ወለዱን ጨምሮ 268,482 ዶላር ለሜሪላንድ ከፈሉ። የጥብቅና ፈቃዳቸውን ገና ቀደም ብሎ ተነጥቀው ነበር። እርሳቸው ግን እ. ኤ. አ. በ1996 ዓ. ም. እስኪሞቱ ድረስ በደል እንደ ተሠራባቸው እንጂ እንደ በደሉ አላመኑም።

ወደ አፍሪካችን እንመለስ። የደቡብ አፍሪካው የሚስተር ጃኮብ ዙማ ነገር ከዚህ በብዙ ይለያል። የአገሪቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ እ. ኤ. አ. በ2003 ዓ. ም. ስለ መሣሪያ ግዢው ጉቦ በሰጡት መግለጫ፣ በምክትል ፕሬዚዳንቱ በዙማ ላይ የመነሻ ማስረጃ እንዳለ፣ ነገር ግን ለማሸነፍ ስለማይተማመኑ እንደማይከሱአቸው ተናገሩ። ይህ ዓይነቱ አነጋገር ሰውየውን አልከሰሰም፤ አላነጻምም። ሁለት ዓመት ቈይቶ የዙማ የገንዘብ አማካሪ ተፈርዶበት አሥራ አምስት ዓመት ሲቀበል፣ ዙማም ከሥልጣን ተነሡና ተከሰሱ። ክሱ ወደቀ፤ ዙማ የፓርቲው መሪ ሆነው በተመረጡ በአሥረኛው ቀን እንደገና ተነሣ፤ ከዚያም እ. ኤ. አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2009 ዓ. ም.፣ ምርጫው ሊደረግ አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ተጠባባቂው ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሡት።

ምክንያታቸው ማስረጃው ደካማ ነው የሚል አልነበረም። በስልክ የተቀዳ ንግግር ተገኝቶ፣ የምርመራው ኀላፊ ክሱ ከፓርቲው ምርጫ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ እያሉ ሲመክሩ ስለ ተሰማ፣ አሠራሩ ረክሷል አሉ። ከዚያ በኋላ የታወቀው ነገር ለአስተማሪ ጆሮ አስደንጋጭ ነው። ከመግለጫው ውስጥ ብዙው ክፍል ከአንድ የሆንግ ኮንግ ዳኛ ፍርድ ላይ፣ የዳኛው ስም ሳይጠቀስ፣ ተገልብጦ የተጻፈ ነበር። የተቀዳውም ፍርድ ቀድሞ በይግባኝ የተሻረ ነው! ተማሪዬ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር፤ በዚህኛው ጽሑፍ ግን አንድ ሰው የአገር ፕሬዚዳንት ለመሆን መንገዱ ተጠረገለት።

ደቡብ አፍሪካ ግን አሜሪካ የሌላትን አንድ ብርቱ መሣሪያ አላት። የአሜሪካ ዳኞች ዐቃቤ ሕግ አልከስም ሲል ከሞላ ጐደል እጃቸውን ያጣጥፋሉ። በደቡብ አፍሪካ ዜጋም ሆነ ፓርቲ «ይህ ውሳኔ በአእምሮ ያልተመዘነ ነው» ብሎ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ተቃዋሚው ፓርቲ ይህንኑ አደረገ። ሰባት ዓመት ከፈጀ ሙግት በኋላ እ. ኤ. አ. በ2016 ዓ. ም. ፍርድ ቤቱ ክሱን መተው ሚዛን የሌለው ውሳኔ ነው አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ክሱም ዙማ ከፕሬዚዳንትነት በወረዱ በወሩ፣ በ2018 ዓ. ም.፣ ተመለሰ። እርሳቸው ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል።

በቅርቡም በኒው ዮርክ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ. ኤ. አ. በየካቲት 2025 ዓ. ም. ዋሽንግተን ያሉት አለቆች በከተማው ከንቲባ በኤሪክ አዳምስ ላይ የተመሠረተው የጉቦ ክስ እንዲነሣ ሲያዝዙ፣ ተጠባባቂዋ ዐቃቤ ሕግ ዳንየል ሳሶን ትእዛዙን ከመፈጸም ሥራቸውን መልቀቅ መረጡ፤ ሌሎችም ተከተሉአቸው። ከንቲባው ምንም አላጠፋሁም፣ የተዋዋልሁትም ነገር የለም ብለዋል። ዳኛው ዴል ሆ መንግሥት አልከስም ካለ ሊያስገድዱት እንደማይችሉ ገልጸው ክሱን ዘጉት፤ የዘጉት ግን ዳግመኛ እንዳይከፈት አድርገው ነው፤ በከንቲባው ራስ ላይ እንደ ሰይፍ ተንጠልጥሎ እንዳይኖር ብለው።

እኔ እነዚህን ሁሉ ሳስተያይ የሪቻርድሰንን ውሳኔ ከደቡብ አፍሪካው የምለይበት ነገር አንድ ነው። ሪቻርድሰን ከባዱን ነገር ሲተው የተወውን ነገር 40 ገጽ አድርጎ በአደባባይ አስነበበ፤ «ይህን ያህል ማስረጃ ይዤ፣ በዚህ ምክንያት ትቼዋለሁ፤ ፍረዱኝ» ያለ ያህል ነው። ያኛው ግን ምክንያቱን ከሰው ተውሶ አቀረበ። ይህ ልዩነት የአንደርሰንን አምስት ዓመት ልክ ያደርገዋል ወይ ቢሉኝ፣ አያደርገውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ታሪኩን ለክፍሉ ነገርሁና፣ «ሪቻርድሰንን ብትሆኑ ትደራደሩ ነበር ወይስ ትከሱ ነበር?» ብዬ እጅ አስወጣሁ። ከግማሽ የሚበልጡት እንከሳለን አሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ፣ «አገር ብትናወጥስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የምትናወጠው በሌባው ነው እንጂ በክሱ ነው?» ብሎ አስቆመኝ። ያቺ ልጅ ግን በየትኛውም ወገን እጅዋን አላነሣችም። ደወል ተደውሎ ክፍሉ ሲበተን ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና፣ «መምህር፤ ያ አንደርሰን የተባለው አምስቱን ዓመት ጨረሰ?» አለችኝ። አሥራ ሦስት ወር ታስሮ እንደ ወጣ ነገርኋት። ደብተሯን አውጥታ ቁጥሩን ጻፈችና፣ ከጐኑ «አግኒው፦ 0» ብላ ጨምራ ወጣች።